ወንድ የማያየው ፎቶ

ፎቶ አንሺ ነኝ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬም አልልም። ሪያድ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ቤት ዘጠኝ ዓመት ያበሰልኩ፣ ያጠብኩ፣ ሦስት ልጆች ያሳደግኩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ስሜ ጽጌ ይባላል። ካሜራ እጄ የገባው የማዳም ትልቋ ልጅ አዲስ ሲገዛላት አሮጌውን "ውሰጂው" ብላ ስለሰጠችኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ዲራ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር እወርድና በር አነሳለሁ። ቀለሙ የተላጠ የእንጨት በር፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የተምር ክምር። በር ደግ ነው፤ አይንቀሳቀስም፣ "አወፈርሽኝ" ብሎም አያኮርፍም።

እንግዲህ ይቺ የበር ፎቶ አንሺ የጓደኛዋን ሠርግ ለማንሳት እንዴት ሽር ጉድ እንዳለች፣ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ ነገሩን ሁሉ እንዴት ገደል አፋፍ እንዳደረሰችው ላውጋችሁ።

ዘይነብን ያወቅኳት እዚህ አገር በገባሁበት ቀን ነው። በአንድ አውሮፕላን መጥተን፣ አሠሪዎቻችን እስኪወስዱን ድረስ ኤርፖርት አንድ ጥግ ላይ ተቀምጠን ዋልን። እሷ የሐይቅ ልጅ ሙስሊም፣ እኔ የደብረ ብርሃን ክርስቲያን። ከቦርሳዋ የእናቷን ቆሎ አውጥታ በእፍኟ ዘገነችልኝና "እህቴ፣ ብዪ፤ ሲወስዱሽ ሆድሽ ባዶ እንዳይሆን" አለችኝ። የት እንደምንደርስ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ዛሬ እሷ ሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ሙረባዕ ውስጥ ከሁለት የአገር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። ሱለይ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ከድር ሊያገባት ቀን ሲቆረጥ፣ ሠርጉን ማን ፎቶ ያነሳል የሚለው ጥያቄ መጣ።

"አንቺ ነሻ!" አለችኝ።

"እኔ የማነሳው በር ነው።"

"እንደ በር ቁሚ ካልሽኝ እቆማለሁ።"

እኔ ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እጄን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ።

"ስሚኝ ጽጌ። የማላውቃት ፎቶ አንሺ ፊት ፀጉሬን አልገልጥም። እናቴ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። 'የዓረብ አገር ውሃ ፀጉር ይጨርሳል ይላሉ፤ ያንቺስ አለ ወይ?' ትለኛለች። አለ ብላት አታምነኝም። በቪዲዮ እንዳላሳያት ስልኩ የጎረቤት ነው፤ ስደውል ግማሽ ሰፈር ከኋላዋ ይቆማል።"

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ?"

"በሂናው ቀን ራህማ ልክ እናቴ ትሠራኝ እንደነበረው ሹሩባ ትሠራኛለች። ማግስቱን ጠዋት ፀጉር ቤት ይፈቱታል። በመካከል አንሺልኝ። በወረቀት ይታተምና እትዬ ሐዋ አገር ቤት ሲገቡ ለእናቴ ይዘውልኝ ይሄዳሉ። ስልክ ላይ አይወጣ፣ የወንድ ዓይን አይየው። ከሴት እጅ ወደ ሴት እጅ ይሂድ።"

"በእመቤቴ!" ብዬ ማልኩላት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስምል ግማሽ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እኔ ከቤት ስወጣ የምከናነበው የአገሩ ልማድ ስለሆነ ነው፤ ፀጉር ለእኔ ፀጉር ነው። አደራዋን የተረዳሁት "ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፊው" እንዳለችኝ አድርጌ ነበር። ይሄ ልዩነት በኋላ ዋጋ አስከፈለኝ።

ዝግጅቴ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ትልቁ ጭንቀቴ ነጭ ቬሎ ነበር። ካሜራው ነጭ ነገር ሲያይ ይደናገጣል፤ ልብሱን ያሳምርና የእኛን ፊት ያጠቁረዋል፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ማንን ላንሳና ልለማመድ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የማዳምን ነጭ አንሶላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አንጥፌ፣ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ደበርጃን አጋደምኩ። ደበርጃን ጥቁር ነው፣ ያበራል፣ አይናደድም። በመስኮቱ ብርሃን አነሳሁት፣ በመብራት አነሳሁት፣ አንሶላውን ከላዩ እንደ ዓይነ ርግብ ጣል አድርጌበት አነሳሁት። ማዳም ድንገት ገብታ ቆማ አየችኝ።

"ጽጌ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ሙሽራ ናት ማዳም።"

አንዴ ደበርጃኑን፣ አንዴ እኔን አየችና ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። ለዘይነብ ይህን ስነግራት ወገቧን ይዛ ሳቀች። "እኔ ደበርጃን ነኝ? ቆይ፣ ለከድር እነግርልሻለሁ!" ከዚያ በኋላ ስትደውል "ደበርጃኗ ነኝ" ነበር የምትለኝ።

ብቻ ተማርኩ። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ሳደርገው፣ ደበርጃኑን ወደ መስኮቱ ሳዞረው፣ ሁለቱም አብረው አማሩ። ማዳምም ሐሙስ ከቀትር ጀምሮ እስከ ዓርብ ማታ ፈቀደችልኝ።

ሐሙስ ሙረባዕ ስደርስ ክፍሏ ሞልቷል። ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ፤ እኔ አሥረኛ። በሩ ሲቆለፍ አባያው ወለቀ፣ ሻሹ ወለቀ። በመንገድ ሲያልፉ አንድ የሚመስሉት ሴቶች እያንዳንዳቸው ሌላ ሰው ሆኑ። አንዷ ፀጉሯ ወገቧ ይደርሳል፣ አንዷ ሽበቷን በሂና አቅልታዋለች። ራህማ የምትባለው ዝምተኛ ልጅ የዘይነብን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ በማበጠሪያ ጫፍ ፀጉሯን እየከፈለች ትጎነጉናለች። እትዬ ሐዋ፣ ሪያድ ውስጥ ያረጁና የሁላችንም እናት የሆኑት ሴትዮ፣ ከጥግ ሆነው "ከጆሮዋ ኋላ እንዳትረሺ" እያሉ ያዛሉ።

ካሜራዬን ከፍቼ በማን ልጀምር ብዬ ቆምኩ። ዘይነብ አየችኝና ብድግ ብላ ነጠቀችኝ።

"መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው! ሰው ፊት መቆም ምን እንደሚመስል እይው።" ሻሼን ከራሴ ላይ ጎትታ ጣለችው፣ የፀጉሬን ማሰሪያ ፈታችው። "ወይኔ፣ ደበርጃኗ አነሳችኝ!" ብዬ ስንከተከት ቀጭ አደረገችው። ፍርሃቴ በዚያው ለቀቀኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አነሳሁ። ሹሩባው ሲያልቅ ዘይነብን ጀርባዋን ሰጥታኝ በመስኮቱ ብርሃን ትይዩ አስቀመጥኳት፤ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ብርሃኑ በስሱ ይገባል። ሰባት መደዳ፣ እያንዳንዱ እንደ ገብስ ዘለላ የተጎነጎነ። ትንሽ ዘወር ብላ በትከሻዋ በኩል አየችኝ። ያቺን ፎቶ ሳነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫንኩት፤ ደግሜ መጫን አላስፈለገኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አንስቼ አላውቅም ነበር።

ሂናው ተቀብቶ የዘይነብ እጆች በላስቲክ ሲጠቀለሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ ፎቶዎቹን በስልኬ ላይ ሰፋ አድርጌ ለማየት ጓጓሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ካሜራውን ሳላጠፋ ካርዱን መዘዝኩት። ስልኬ ምንም አላሳይ አለ። ካሜራው ውስጥ መለስኩት፤ "ካርዱን ማንበብ አልተቻለም" የሚል ጽሑፍ መጣ። አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ በቀሚሴ ጠረግኩት። ያው ነው።

ሹሩባው ነገ ጠዋት ይፈታል፤ ዘይነብ አሁን ሂና ላይ ናት፣ ራሷን ተከናንባ እንግዳ እየተቀበለች ነው፤ የመስኮቱ ብርሃንም እየሄደ ነው። ያቺ ፎቶ ያለችው እዚያች የጥፍር ያህል ካርድ ውስጥ ብቻ ነው።

"ባትሪ ልግዛ፣ መጣሁ" ብዬ ዋሸሁና ወጣሁ።

ከሙረባዕ ዲራ ድረስ እየሮጥኩም እየተራመድኩም ሄድኩ። እዚያ የኢቃማ ፎቶ የሚያነሳ፣ ወረቀት ኮፒ የሚያደርግ፣ የተበላሸ ስልክ የሚጠግን አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ አለ፤ አም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደማለት፣ እንለዋለን። የእኔንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ፎቶ ያነሳኝ እሱ ነው።

"አም ኢድሪስ፣ በአላህ ይዤሃለሁ! እዚህ ውስጥ ያለውን አውጣልኝ፤ ነገ ሠርግ አለብኝ።"

ካርዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መብራቱ አየው። "የሞተ አይመስልም፤ ደንግጧል" አለ። "አብሽሪ። ለራስሽ አዲስ ካርድ ግዢና ተመለሺ፤ ኢንሻአላህ ይወጣል።"

አመስግኜው ወጣሁ። አዲስ ካርድ ገዛሁ። ልቤ ረጋ ሲል የዲራው አሮጌ ምሽግ ፊት ያለው አደባባይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቱሪስት ምሽጉን በስልኩ ያነሳል። በፊቱ የምታልፍ ሴት ስልኩን አይታ፣ ቸኮል ሳትል፣ መሸፈኛዋን በጣቷ ሳብ አድርጋ ፊቷን አዞረችና አለፈች። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልሆነም።

እኔ ግን ብድግ አልኩ። ዘጠኝ ሴቶች! ዘጠኝ ራስ ፀጉር፣ ክንድ፣ አንገት፣ በተቆለፈ በር ውስጥ እኔን አምነው የገለጡትን፣ በገዛ እጄ ወስጄ ለወንድ ሰጠሁት። ቲክቶክ ላይ አልለጠፍኩም፤ ግን ምን ልዩነት አለው? አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ እዚያ አደባባይ ላይ ነው።

ሮጥኩ። ጥጉን ስታጠፍ የመግሪብ አዛን ጀመረ። አሁን አሁን ብዙ ሱቅ በሰላት ሰዓት አይዘጋም፤ አም ኢድሪስ ግን ይዘጋል። ስደርስ የብረት መዝጊያው መሬት ነክቷል። በታችኛው ስንጥቅ መብራት ይታያል፤ ውስጥ ማሽኑ ሲያጉረመርም ይሰማል። ካርዱ እዚያ ነው፤ እየተከፈተ ነው። እኔ ውጪ ነኝ።

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል ጊዜ ነው? ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ለእኔ ግን ከሪያድ ደብረ ብርሃን በእግር የመሄድ ያህል ነበር። ባለፈው ዓመት የምናውቃት አንዲት ልጅ ሠርግ ላይ ስትጨፍር አንድ ሰው የቀዳው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሄዶ አገር ቤት ወንድሟ እጅ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ሠርግ ሄዳ አታውቅም። እሷን አሰብኩ። ራህማን አሰብኩ፤ ቤተሰቦቿ በቁጣቸው ይታወቃሉ። እትዬ ሐዋን በሽበታቸው አሰብኩ። ዘይነብን ባሰብኩ ጊዜ አለቀስኩ። ከአየር ማረፊያው ጥግ ጀምሮ ስለ እኔ ያላሰበችበት ቀን የለም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

ሰዎች ከመስጊድ መውጣት ጀመሩ። አም ኢድሪስ በነጭ ቆብ ብቻ፣ ሁልጊዜ የሚጠመጥመው ጥምጥም ሳይኖር፣ ቀስ እያለ መጣ። ሲያየኝ ቆመ።

"አንቺ ልጅ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?"

"አም ኢድሪስ፣ ካርዱን መልስልኝ። ያለበት... የሴቶች ነው። ለወንድ መስጠት አልነበረብኝም።"

መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋው። ገብቼ ያየሁትን አልረሳውም። የኮምፒውተሩ ስክሪን ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ በላዩ ላይ የሽማግሌው ነጭ ጥምጥም ተፈትቶ እንደ መጋረጃ ተጥሎበታል።

"ካርዱ ሲከፈት አንድ ፎቶ ብቅ አለ" አለኝ ወለሉን እያየ። "የሴት ነው። ወዲያው ስክሪኑን አጥፍቼ አዞርኩት። ማሽኑ ለብቻው እየቀዳ ነው። አንዱን ግን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም፣ እህቴ። ለሴቶች ፎቶ ኸዲጃ አለች፤ ባለቤቴ። ሰላት ስሄድ ደውዬላታለሁ፣ እየመጣች ነው።"

ሚስቱ ስትመጣ እሱ ወጣ። ወጥቶም እኔ ስጠብቅ የነበርኩበት ደፍ ላይ፣ ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ ተቀመጠ። ኸዲጃ ጥምጥሙን በእርጋታ አጥፋ አስቀመጠችና ስክሪኑን አዞረች።

"እስቲ፣ ያየው የትኛውን ነው?" አልኳት።

"የመጀመሪያውን ይሆናላ" አለችና ተጫነችው።

እኔ ነበርኩ። ዘይነብ ያነሳችኝ። ግንባሬ በግማሽ ተቆርጧል፣ አፌ በሳቅ ተከፍቷል፣ ፀጉሬ ተበትኗል፣ ማተቤ አንገቴ ላይ በግልጽ ይታያል።

ሳላስበው እጄ ሻሼን ወደ ፊት ሳበው። ፀጉር ለእኔ ፀጉር ነው ያልኳችሁ ሴትዮ ነኝ እንግዲህ። በዚህ ከተማ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ ፊት ሻይ ሳቀርብ ማንም አይቶኝ አያውቅም፤ ትሪውን ነው የሚያዩት። ይሄ ሽማግሌ ግን አይቶኛል። ሳቄንም፣ ማተቤንም፣ ፀጉሬንም አይቶ ሴት ናት፣ ክብር አላት ብሎ የገዛ ጥምጥሙን ፈትቶ ሸፈነኝ። ያለ ጥምጥም መስጊድ ሄደ።

ፎቶዎቹ ሁሉ ድነው ነበር። የሹሩባዋ ስትመጣ ኸዲጃ እጇን ከማሽኑ አነሳች። "ማሻአላህ፣ ለማን ነው?" አለች። ለእናቷ እንደሆነ ነገርኳት። ሳልጠይቃት በጥሩ ወረቀት አንድ አተመችና በፖስታ አሸገችልኝ፤ ሁሉንም አዲሱ ካርዴ ላይ ገልብጣ ማሽኑና አሮጌው ካርድ ውስጥ የቀረውን እያየሁ አጠፋችው። ስወጣ አም ኢድሪስ ከደፉ ሳይነሳ "ሙሽራዋን መብሩክ በያት" አለኝ።

አሁን ፈተናው መጣ። ፎቶው ድኗል። ወንድ ያየው የእኔን ብቻ ነው። ዝም ብል ማን ያውቃል? መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሟገት ሄድኩ። "ሠርጓን አታበላሺባት" ይላል አንደኛው ልቤ። ጥሩ ምክር ይመስላል አይደል? እሱ ራሱ ነው ያስፈራኝ። ያ ሽማግሌ "አንዱን አይቻለሁ" ብሎ ለእኔ ለሰው ቤት ሠራተኛዋ እንኳ ተናግሯል። እኔ ለዘይነብ እንዴት ዝም እላለሁ?

ደረጃው ላይ ጠርቼ ነገርኳት። ሁለት እጆቿ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ከፊቷ ዘርግታቸው ሰማችኝ። ስጨርስ እንባዋ ወረደ፤ መጥረግ አልቻለችም፤ በሻሼ ጫፍ ጠረግኩላት፤ አልተቃወመችም።

"እጄ ቢፈታ በጥፊ ነበር የምልሽ" አለች።

"ይገባኛል።"

"ባትሪ ልገዛ ነው ብለሽ ዋሸሽኝ።"

"ዋሸሁሽ።"

እጆቿን ዝቅ አድርጋ "እኔን እንኳ ልተውልሽ" አለችኝ። "ግን እዚያ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ? ነገ ካሜራሽን ከመክፈትሽ በፊት ለሁሉም ትነግሪያቸዋለሽ። አንሺን ካሉሽ ታነሻለሽ፤ እንቢ ካሉሽ ኸላስ፣ አበቃ፣ ተቀምጠሽ ትበያለሽ። ሠርጌም ያለ ፎቶ ይሁን።"

ይህን ያለችኝ የራሷ ሠርግ ነው፤ ለሰው መብት ስትል የራሷን ፎቶ ለማጣት ተዘጋጀች። እንዲህ ያለ ሰው ጓደኛዬ በመሆኑ በዚያች ሰዓት ኮራሁም አፈርኩም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱለይ ዳር ለድግስ የተከራዩት ግቢ ተሰበሰብን፤ እዚህ ኢስትራሃ ይሉታል። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ ግንቡን አልፎ በሌላ በኩል። የሴቶቹ አዳራሽ በር ተቆልፎ ሻሽ ሊወልቅ ሲል ዘይነብ በቬሎዋ ብድግ አለች።

"ጽጌ የምትለው አላት።"

ካሜራዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ መሃል ቆምኩ። ካርዱን ለማን እንደሰጠሁ፣ ለምን እንደሰጠሁ፣ ባትሪ ብዬ እንደዋሸሁ፣ የታየው የትኛው እንደሆነ፣ ስለ ጥምጥሙም ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገርኩ። የደበርጃኑን ጉዳይ ብቻ ተውኩት።

መጀመሪያ የተናገረችው ራህማ ናት። "እኔን ዛሬ እንዳታነሺኝ። የትናንቶቹንም አጥፊልኝ።" አጠገቧ ሄጄ ያለችባቸውን አንድ በአንድ እያሳየሁ አጠፋሁላት። ተስፋ ቆርጬ ካሜራውን ልዘጋ ስል እትዬ ሐዋ ከወንበራቸው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይሄን ሳትነግሪን ብትቀሪ የሚነግረን ነበር?"

"የለም፣ እትዬ።"

"ሽማግሌውስ መጥቶ ይነግረን ነበር?"

"የለም።"

"እንግዲያው አፍሽ ከካሜራሽ ይበልጣል" አሉና ሻሻቸውን ፈትተው በሂና የቀላ ሽበታቸውን ጀርባቸው ላይ ለቀቁት። "ነይ፣ በእኔ ጀምሪ። አሳምረሽ አንሺኝ፤ ለመሄጃዬ ነው።"

እልልታው አዳራሹን ሞላው። አንዷ ገለጠች፣ ሌላዋም ገለጠች። እኔ በእንባ የማነሳው አይታየኝም ነበር፤ ለዚህ ነው የእትዬ ሐዋ የመጀመሪያው ፎቶ የደበዘዘው። ደግሜ አነሳኋቸው። ነጩ ቬሎና የዘይነብ ጠይም ፊት ደግሞ ልክ በመስኮቱ እንደተለማመድኩት አብረው አማሩ፤ ደበርጃን ውለታ ዋለልኝ። ራህማ ቀኑን ሙሉ ከጀርባዬ ቆማ አንድ ትልቅ መስታወት ይዛ ብርሃን ወደ ሙሽራዋ ስትመልስልኝ ዋለች። ማንም አላዘዛትም። በፎቶዎቹ አንዷም ላይ የለችም፤ ብርሃኗ ግን በሁሉም ላይ አለ።

እትዬ ሐዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠቅልለው ሲገቡ ፖስታውን ደረታቸው ውስጥ አድርገው ሄዱ። ቀኖች አልፈው የዘይነብ እናት ደወሉ፤ አጠገቧ ነበርኩ። ፎቶውን ከማየታቸው በፊት በቤት ያለውን ወንድ ሁሉ ውጣ ብለው አስወጥተው ኖሯል፤ አባትየውን ሳይቀር። "አባቷ ነኝ እኮ!" እያሉ አጥር ጥግ ቆመው ጠበቁ አሉ። ዘይነብ ትንፋሿን ውጣ "እማ፣ አየሽው? ፀጉሬ አለ አይደል?" አለቻቸው። ከወዲያ የተሰበረ ድምፅ መጣ።

"አለ። አልሐምዱሊላህ፣ አለ። ግን ማን ነው የሠራሽ? ከጆሮሽ ኋላ ያለው መደዳ ጠሟል።"

እየሳቅን አለቀስን። ለራህማ እስከዛሬ አልነገርናትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ እንዳነሳሁ ብነግራችሁ ጉራ ይመስላል። ካሜራዬን ከመክፈቴ በፊት ግን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ አንዷ እንቢ ካለች ከጀርባዬ ቦታ አላት። ዲራ ስወርድም አም ኢድሪስ ጋ ሰላም ሳልል አላልፍም። ጥምጥሙን ባየሁ ቁጥር አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እሱ ግን ሙቀቱ የጨነቀኝ ይመስለዋል መሰለኝ ውሃ ያቀብለኛል።

ዘይነብ ያነሳችኝ ፎቶም አለኝ። ግንባሬ እንደተቆረጠ፣ አፌ እንደተከፈተ። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ሌላ ፎቶ የለም። እስቲ አሳዪን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሴቶች ብትሆኑ ሪያድ ስትመጡ ቤት ድረስ ጎራ በሉ፣ በሩን ቆልፌ አሳያችኋለሁ። ወንዶች ከሆናችሁ ግን አንድ ሰው አይቶታል፤ እሱም አላየሁም ብሎ አልዋሸም። ኸላስ፣ ከእሱ ወዲያ አላሳይም።